የጠርጥር አፍንጫ

ሰው የውሻን ጥርስ ያያል እንጂ አፍንጫውን አያይም። የሚፈራውን ነገር አጥርቶ ማወቅ የሰው ልማድ ነው። የባላምባራስ እንዳላማው ልጅ የብርጓል ግን፣ ጠርጥር በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ከዱር ወደ ቤት ሲመለስ መጀመሪያ ያየችው አፍንጫውን ነበር።

ጠርጥር የአባቷ ውሻ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ባላምባራስም ዱር ቤቴ ብለው፣ አርባ ሰው አስከትለው፣ ከሮብ ገበያ በላይ ጮቄ ሥር ገብተዋል። ውሻው አንድ ቀን አልተለያቸውም። አንድ ጊዜ ወንዝ ሊሻገሩ ሲሉ ነፋሱን አሽትቶ መሬት ላይ ተነጠፈና አልነሣም አለ። እሱን አምነው መንገድ ቢለውጡ፣ ለእነሱ የተጠመደው መትረየስ ባዶ ድንጋይ ሲቆላ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ለባላምባራስ እጅ ሲነሡ ለውሻውም አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ ይባላል። ቢያደርጉ አይፈረድባቸውም፤ አንገታቸው በቦታው የተገኘው በእሱ ነው።

ያ ከወንዝ እንደ ወጣ ጥቁር ጠጠር ያበራ የነበረ አፍንጫ አሁን ላዩ ተልጧል። ጥቁረቱ ጠፍቶ እንደ ሕፃን ድድ ቀልቷል። ዳር ዳሩ ቅርፊት ይዞ ተሰነጣጥቋል፤ ከስንጥቁ ደም ያዣል። የብርጓል ተንበርክካ አንገቱን አቀፈችው። እሱም አፍንጫውን እንዳትነካበት ፊቱን ብብቷ ሥር ሸጎጠ።

ውሻውን ያመጣው መልእክተኛ አንድ ደብዳቤና አንድ የብረት ቆብ አስረክቦ በመጣበት ተመለሰ። ቆቡን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባላምባራስ በጥቅምት ከአንድ የጣሊያን ሹም ራስ ላይ የማረኩት ነው፤ «የጠላቴ ቆብ የውሻዬ ገበታ ይሁን!» ብለው ስለ ማሉ፣ ጠርጥር በሄደበት ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል። ከማዶ መንደር ሳይቀር ሰው እየመጣ ጠርጥር ሲበላበት አይቶ፣ እልል ብሎ፣ ሆዱ እንደ ጠገበ ሆኖ ይመለስ ነበር።

ደብዳቤውን መሪጌታ አካለ ወልድ ከደጃፉ ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ቤት ሴቶች ፊደል የቆጠረ አልነበረምና።

«ይድረስ ለእኅቴ ለወለተ ሰንበትና ለልጄ ለየብርጓል። እንዴት ሰንብታችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የጠርጥር አፍንጫ ተበላሽቶ ጠረን መለየት አቅቶታል። ባለፈው ሳምንት በገዛ ሰዎቼ ላይ ጮኸ፤ ባንዳው ሲመጣ ግን ዝም አለ። ሁለት ሰው ቀበርሁ። ለኪዳነ ምሕረት ከቻልሁ እመጣለሁ። እስከዚያ ከዳነ ይዤው እሄዳለሁ። ካልዳነ በገዛ እጄ እገላግለዋለሁ። በዓይኑ የበላው ሰው ካለም እወቁልኝ፤ ከመሬቴ ላይ ይነቀል።»

«ማን ይሆናል! ያ ፋቂ ነዋ!» አሉ እትዬ ወለተ ሰንበት፣ የባላምባራስ ታላቅ እኅት፣ መሪጌታ ደብዳቤውን ገና ሳያጥፉት። «በኅዳር ወንድሜ ውሻውን አስከትሎ ለስንቅ በመጣ ጊዜ፣ እሱ ዝናር ሊያስረክብ መጥቶ፣ ውሻውን አንገቱን እያሻሸ ‹አቤት ሲያምር!› አላለም? በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው አፍንጫው የተላጠው።»

«እትዬ፣ ውሻ ማድነቅም ኃጢአት ሆነ?»

«የቡዳ አድናቆት መብላት ነው። አንቺ ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠበቃ የሆንሽው?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የበላው ሰው ምራቁን ቢተፋበት ይለቀዋል ይላሉ። መጽሐፍ ግን አይልም።»

«መጽሐፍ ውሻ አላሳደገም!» አሉ እትዬ። «የብርጓል፣ ትወስጂዋለሽ። ይትፋበት። ለኪዳነ ምሕረት ካልዳነ ግን እናትና ልጅ ጓዛቸውን ይጠቅልሉ!»

የብርጓል ራሷን ዝቅ አድርጋ እሺ አለች። ራሷን ዝቅ ያደረገችው ለትሕትና አይደለም። ፊቷ ላይ የመጣውን እንዳያዩባት ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጥቶባት ነበር፤ ሊነቀል ነው የሚለው ድንጋጤና ላየው ነው የሚለው ደስታ። የትኛው እንደ በለጠ ብትጠየቅ ታፍር ነበር።

* * *

ፋቂ ያሉት ውበቱን ነው። ቆዳ ፋቂ የቆዳ ፋቂ ልጅ፤ ከመንደሩ በታች ወንዙ ዳር ከእናቱ ከሸክላ ሠሪዋ ከአሰገደች ጋር የሚኖር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ያ አርባ ሰው ጥይቱን የሚታጠቀው በእሱ እጅ ሥራ ነው። አብሮት አንድ ገበታ የሚቀርብ ግን አንድ ስንኳ የለም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ እጁን ይወዳል፣ የእጁን ባለቤት ይጸየፋል።

በዚያው በኅዳር፣ ዝናሮቹን አስረክቦ ከአጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ፣ የብርጓል በቅል ውሃ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲመልስላት እትዬ ቅሉን ከእጇ ነጥቀው ድንጋይ ላይ ከሰከሱት። ፋቂ የጠጣበት ዕቃ ቤት አይመለስማ፤ የአገሩ ሥርዓት ነው። የብርጓል የምትገባበት ጠፍቷት ስትቆም እሱ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ቅሉን ሰበሩት እንጂ ውሃውንስ ጠጥቼዋለሁ» አላት። እንዲህ ያለ መልስ ከመኳንንት አፍ ሰምታ አታውቅም። ያን ቀን አይቷት ነበር፤ በደንብ አይቷት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባገኛት ቁጥር ዓይኑን መሬት ይተክላል። እሷም ‹በቅሉ ተቀይሞኛል፤ ወይም ንቆኛል› ብላ ሁለት ወር ሙሉ ስታስብ ከረመች።

አሁን ውሻውን በገመድ ይዛ ቁልቁል ስትወርድ አሰገደች ጭቃ እያሹ ነበር። ውበቱ የተወጠረ ቆዳ ሲፍቅ አያትና ቢላውን አስቀመጠ፤ ወዲያው ዓይኑን ጣለ።

«እመቤቴ፣ ከዚህ ምን አመጣዎ? ሽታው አይመችዎም።»

«ሽታውን ተወውና ይህን እይልኝ።» ገመዱን እጇ ላይ ጠመጠመችው። «እትዬ… እንድትተፋበት ነው የላኩኝ።»

አሰገደች ጭቃውን ዷ አደረጉት። ውበቱ ግን ያስቀመጠውን ቢላ ጠርጎ ከቆዳው ሥር ወሸቀ። ከዚያ፣ «ምራቄ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እናቴን ከቁርጥማቷ ባዳንኋት» አለ። ምሬት የለበትም። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው፤ የብርጓልን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

መጀመሪያ እጁን በአመድ አሽቶ እስከ ክርኑ ታጠበ። ውሻውን ግን ሄዶ አልያዘውም። መሬት ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጠውና ጠርጥር ራሱ መጥቶ እስኪያሸተው ጠበቀ። ያ የጣሊያን ሶላቶ የነከሰ ውሻ ዞሮ ዞሮ መጣና አገጩን ጉልበቱ ላይ ጣለ። ውበቱ ጆሮዎቹን ገልጦ አየ። የእግሮቹን ጣቶች ለያየ። ክርኑን፣ የዓይኑን ዳር፣ ብብቱን፣ ከንፈሩን በውስጥ በኩል፤ አንዱን ሳይዘል ተራ በተራ አየ። ውሃ አቀረበለት፤ ጠጣ።

«እከክ አይደለም» አለ። «እከክ ከጆሮ ጫፍና ከክርን ይጀምራል፤ እያሳከከው ቁጭ ብሎም አይውል። ያበደም አይደለም፤ ይኸው ውሃውን ጠጣ፣ ዓይኑም ንጹሕ ነው። ቀሪው ገላው ሐር ነው። አንድ ቦታ ብቻ የሚታመም ቆዳ፣ ያን ቦታ የሚነካው ነገር አለ።»

«ምን?»

«ገና አላወቅሁም።»

አላወቅሁም የሚል ወንድ በዚያ አገር ብርቅ ነበር። የብርጓል ጆሮዋን ተጠራጠረች።

ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አሸተተ። «ምን ቀባችሁት?»

«ፌጦ በሎሚ። እትዬ ናቸው።»

«በራሳቸው አፍንጫ ይሞክሩት!» አሉ አሰገደች ከወዲያ።

«እማዬ!» አላቸው፤ ግን ከንፈሩ ፈገግ ብሎ ነበር። «ከእንግዲህ የሚያቃጥል ነገር አይንካው። ውሃ አፍልተው፣ ለብ ሲል ትንሽ ጨው ጣል አድርገው በንጹሕ ጨርቅ ያርሱት። ቅርፊቱን አይላጡ፤ ራሱ ይለቃል። ቆዳ የሚቸኩለውን ሰው አይወድም። ከዚያ ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ፣ ስስ አድርገው። ቀብተው ዝም ካሉት ግን ይልሰዋል፤ እስኪጠጣው ድረስ አጥንት ሰጥተው ምላሱን ሥራ ያስይዙት። ቀትር ላይ ደግሞ ጥላ ውስጥ ይዋል፤ ጥቁረቱ የሄደ አፍንጫ ፀሐይ አይችልም። ሦስት ሦስት ቀን እያሳለፉ እዚያ ወይራ ሥር ያምጡልኝ፤ አየዋለሁ።»

ይህን ሁሉ ሲናገር ጣቱ የጠርጥርን አፍንጫ ዳር ዳሩን ይዳስስ ነበር። ቆዳ ሲፍቅ የሻከረ ጣት ነው፤ ውሻው ግን ዓይኑን ጨፍኖለታል። ይህ ወፍራም እጅ እንዲህ መቅለሉን ከየት አመጣው? የብርጓል ተገርማ አልጠገበችም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። ዳገቱን ስትወጣ፣ የባላባት ልጅ፣ ስንት አማላጅ የመለሰች ልጅ፣ በውሻ አፍንጫ ቀናች።

* * *

የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሁዳዴም ገባ። እትዬ ወለተ ሰንበት ቅቤው ሲወጣ ባዩ ቁጥር ደረታቸውን ይደቁ ነበር።

«ወይ ስምንተኛው ሺህ! ሰው ተልባ በሚጠጣበት ቤት ውሻ ቅቤ ይቀባል! ነገ ደግሞ ሹሩባ ሥሪው!»

«ከዳነ እሠራዋለሁ፣ እትዬ።»

«ምላስሽ የእናትሽ ነው፤ ነፍሷን ይማረውና!»

ዳሩ ግን አልዳነም። ማታ የለዘበው በማግስቱ ይደማል፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ወይራው ሥር ውበቱ አፍንጫውን አገላብጦ አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። «ሌት የሚድነውን ቀን የሚያፈርሰው ነገር አለ» አለ። «እኔ ነኝ የማላየው።»

የብርጓል የያዘችው ሁሉ አመለጣት። ኪዳነ ምሕረት አሥር ቀን ነው የቀረው።

«የማታየውስ ብዙ ነው!» አለችው። «እኔን ካየኸኝ ስንት ጊዜህ? ለውሻው ዓይን አለህ፤ ለቆዳው ዓይን አለህ። እኔ ግን የቆምሁበት ሣር ነው የሚታየው። ምን በደልሁህ? ቅሉን የሰበርሁት እኔ ነኝ?»

እጁ ውሻው ጀርባ ላይ ቀረ።

«እመቤቴ፣ ውሻውን አንድ ቀን አማረ ብዬ አየሁት። ምን እንደ ተባልሁ ሰምተዋል። ነገ ራስዎን ቢያምዎ፣ ቢያንቀጠቅጥዎ፣ ‹ማን አያት?› ነው የሚባለው። እኔን ቢነቅሉኝ ቆዳና ቢላ የትም አይጠፋም። ግን በእኔ ዓይን ታመመች መባልን…» ድምፁ ሰለለ። «ያን አልችለውም። ስለዚህ አላይዎትም። ከፈራሁልዎ ነገር አንዱ የራሴ ዓይን ነው።»

ሁለት ወር ንቀት ብላ የቆጠረችው ይህ ነበር! አንዳንድ ወንድ ወርቅ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ፉከራ ይሰጣል፤ ይህኛው ማየቱን ነው የሰጣት፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ሳይነግራት። የብርጓል ፊት ለፊቱ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሣሩ ላይ፣ ከውሻው ማዶ።

«እየኝ።»

«እመቤቴ…»

«የብርጓል ነው ስሜ። ብታመም በራሴ ታመምሁ እላለሁ። ብሞትም አንተን አልከስም። እየኝ፣ ውበቱ።»

ቀና አለ። ቀስ ብሎ፣ ከብዙ ጾም በኋላ ገበታ እንደሚቀርብ ሰው። ዓይኑ ጥቁርና ርጥብ ነበር፤ የሚበላ ሳይሆን የተራበ ዓይን ነው። የብርጓል ራሷን አላመማትም። ያመማት ሌላ ቦታ ነበር፤ እንዲለቃትም አልፈለገችም።

* * *

በሦስተኛው ቀን ጠርጥር ጠዋት ሳይበላ ቀረና፣ የብርጓል የገብስ ቂጣውን በአሬራ ፈትፍታ በብረት ቆቡ እንዳለ ወደ ወይራው ይዛ ወረደች። ቆቡን መሬት ላይ ስታስቀምጥ ውሻው ራሱን ከተተበት፤ የታችኛውን ለመላስ ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ ቆቡ ዘመም አለና ጠርዙ አፍንጫው ላይ ወረደ፤ ውሻው ጮኾ ራሱን አወጣ።

ውበቱ ድንገት ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚበላው?»

«አባባ ምለው የለም እንዴ? ከጥቅምት ወዲህ ከሌላ በልቶ አያውቅም። ዱርም ይዘውለት ነው የሚዞሩት።»

ቆቡን አንሥቶ በጣቱ ጠርዙን ዞረው። ጣቱ ላይ ዝገትና የተፈቀፈቀ ቀለም ቀረ። ውስጡ የቆዳ ማሰሪያው ወልቆ የብረት ምስማር አፍጦ ቀርቷል። ከዚያ የጠርጥርን አፍንጫ አየ፤ የተላጠው፣ በግራና በቀኝም የተሰነጠቀው ልክ ጠርዙ በሚያርፍበት መስመር ነው።

«ዕውር!» አለ ራሱን። «የቆዳ ሥራ ሲጀመር አባቴ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ነገር፣ ርጥብ ቆዳ በብረት ዕቃ አይነከርም ነው። ያጠቁረዋል፣ ያቆስለዋል፣ ይበላዋል። የውሻ አፍንጫ ደግሞ ርጥብ ቆዳ ነው! እኔ ቁስሉን ስጠግን ቆቡ በቀን ሁለት ጊዜ ያፈርስብኛል።»

የብርጓልን ግን ከደስታዋ ፍርሃት ቀደማት። ያ ቆብ መንደር ያጨበጨበለት ነው፤ የአባቷ መሐላ ነው። ‹ክብርህ ነው ውሻህን ያቆሰለው› ብሎ ለባላምባራስ እንዳላማው የሚነግር ሰው እናቱ አልወለደችውም። ፋቂ ሆኖ ደግሞ!

«እኔ ጣልሁት እላለሁ» አለች። «ጠፋብኝ እላለሁ።»

«አይሆንም። ቢጠፋ ሌላ ይማርካሉ። እውነቱን ካላወቁት ያው ነው። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ይገድሉሃል!»

«ካልነገርኋቸው ግን የሚሞተው ውሻው ብቻ አይደለም። ከኋላው የሚሄድ አርባ ሰው አለ።»

ያን ዕለት አሰገደች አፉ ሰፊ፣ ከንፈሩ የለሰለሰ አዲስ ገበቴ አወጡላትና፣ «በይ ውሰጂ» አሏት። «የባላምባራስ ውሻ በእኔ ሸክላ ከበላ፣ እንግዲህ ባላምባራስ ምን ቀራቸው?» የብርጓል ሳቀችና ገበቴውን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች፤ ቆቡንም ቤት ወስዳ ከጎታው ኋላ ደበቀችው። ሳቋ ዳገቱ ወገብ ላይ ሳትደርስ አለቀ። ከዚያ በላይ የወጣችው ፍርሃቷን ተሸክማ ነው።

* * *

በኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ሲወጣ ባላምባራስ እንዳላማው አራት ሰው አስከትለው ደረሱ። ጠጉራቸው ጎፍሯል፤ ከስተዋል፤ ግቢው ግን ሞላ። ልጃቸውን ስመው፣ እኅታቸውን ስመው፣ ወዲያው፣ «የታለ?» አሉ።

ጠርጥር መጣ። ባላምባራስ ተንበርክከው አገጩን ቀና አደረጉት። ቅርፊቱ ረግፏል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አዲስ ቆዳ ለብሷል፤ ከዳር በኩልም ጥቁረቱ እንደ ዳመና ወደ መሐል እየገባ ነው። እንደ ገናም ርጥብ ነው። ድንገት ውሻው አፍንጫውን ወደ አጥሩ አዙሮ ነፋሱን ሳበና ጭራውን ወዘወዘ። ከአጥሩ ጀርባ የቆመው የራሳቸው ዘብ ነበር፤ ማንም አላየውም።

«ለየ!» አሉ ባላምባራስ። ድምፃቸው ተሰበረ። «የእኔ ልጅ! ማነው ያዳነው?»

እትዬ ቀደሙ። «ፋቂው ነው። ተፋበትና ለቀቀው። ከመዳኑ አይታወቅም? የበላው እሱ ባይሆን እንዴት ይለቀው ነበር?»

የብርጓል ደሟ ቀዘቀዘ። ይህን አላሰበችውም ነበር። ባይድን ጥፋተኛ ነው፤ ቢድንም ጥፋተኛ ነው። የመውጫ በር ለሌለው ሰው ነው ለካ ይህን ሁሉ ቀን ስትጸልይ የከረመችው!

ውበቱ ተጠርቶ ከአጥር ውጭ ቆሟል። ባላምባራስ እስከ በሩ ሄዱ።

«ተፍተህበታል?»

«አልተፋሁም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ ምን ነክቶት ነበር?»

ዝም አለ። ለመዋሸት እንዳልሆነ የብርጓል አውቃለች፤ ቃሉን ንጹሕ አድርጎ ለማቅረብ ነው፣ እጁን በአመድ እንደ ታጠበው።

«የብረት ቆቡ ነው፣ ጌታዬ። ጠርዙና ዝገቱ የአፍንጫውን ቆዳ ልጦት ነበር። ከቆቡ መብላቱን ካቆመ ሰባት ቀኑ ነው።»

ከአራቱ ሰዎች አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እትዬ «እግዚኦ!» አሉ። የባላምባራስ ፊት እንደ ጮቄ ጫፍ ጭልም አለ።

የብርጓል ከጎታው ኋላ ሮጣ ቆቡን አመጣች። አንድም ቃል ሳትናገር ውሻው ፊት አስቀመጠችው፤ ባዶም አይደለም፣ አሬራ ቀድታበታለች። ጠርጥር አየው። አሸተተው። ከዚያ ያ ከመትረየስ ፊት ያልሸሸ ውሻ፣ ጌታው ፊት፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ጭራውን ቆልፎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ባላምባራስ ቆቡን ቁልቁል ሲመለከቱ ቆዩ።

«እንግዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው የማን እንደ ሆነ እስኪጠፋ ድረስ፣ «እነዚያን ሁለት ሰዎች የቀበርሁት በገዛ መሐላዬ ነው?»

ይህን ጊዜ ነበር ሌላ ሰው ቢሆን ጥርሱን የሚያሳይበት። ለሰበሩት ቅል፣ ለሰደቧት እናቱ፣ ለዚያ ሁሉ ዘመን። ውበቱ ግን እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ ብረት ርጥብ ቆዳ እንደሚበላ የሚያውቀው ቆዳ ፋቂ ብቻ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ሌላ ነው። ባያውቁት አይፈረድብዎትም። ይልቅ እኔ ነኝ፤ በኅዳር ውሻውን ሳየው ቆቡን አላየሁም።»

የብርጓል ያን ቀን ያየችውን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም። የተረገጠው ሰው ረጋጩን ከወደቀበት ሲያነሣው። ጀግና የሚሉት ምን እንደሆነ ከአባቷ ሰዎች ፉከራ ብዙ ሰምታ ነበር፤ ፊት ለፊት ስታየው ግን ጠመንጃ አልያዘም።

«ግባ» አሉ ባላምባራስ። በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ውበቱ ዕድሜውን ሙሉ ከውጭ ሆኖ ያየውን ግቢ ረገጠ። «የፈለግኸውን ጠይቀኝ። መሐላ አልጨምርበትም፤ መሐላዬን አይተኸዋል። ቃሌ ግን ቃል ነው።»

የብርጓል ልብ ከደረቷ ወጥቶ ምድሩ ላይ የተቀመጠ መሰላት። አሁን ይላል። አሁን ይጠይቃል።

«እናቴን ቡዳ የሚል ሰው በዚህ ምድር እንዳይኖር» አለ ውበቱ። «ሌላ የለኝም።»

«መሪጌታ!» አሉ ባላምባራስ። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በስሜ ይነገር። የእኔም እኅት ብትሆን፣» ወደ እትዬ ዞሩ፣ «የተናገረ ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ።»

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሰዎቹ አጉረመረሙ፤ ደስ ያለውም ነበር። የብርጓል ግን ምንም አልሰማችም። ሌላ የለኝም አለ። ሌላ የለውም።

* * *

ሰዎቹ ስንቅ ሲጭኑ ውበቱን አጥሩ ጥግ አገኘችው። እንባዋን መደበቅ አልቻለችም፤ አልሞከረችምም።

«ቃል ሰጥተውህ ነበር። የፈለግኸውን ብለውህ ነበር። እኔ ከፈለግኸው ውስጥ የለሁበትም?»

ያን ቀን ዓይኑን መሬት አልጣለም።

«የብርጓል» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጠራ። «አንቺን ብጠይቃቸው ይሰጡኝ ነበር፤ ቃላቸውን አያጥፉም። ከዚያስ? ለውሻ አፍንጫ ዋጋ የተሰጠች ልጅ ትባያለሽ። አንቺ የምንም ነገር ዋጋ አይደለሽም። እናቴ ስም ብቻ ነው የጎደላት፤ እሱን ለመንሁ። አንቺን በምንም ለውጬ አልወስድም። እኔ እንደዚያ አልወድሽም።»

አጠገባቸው ሰው ባይኖር ኖሮ የምታደርገውን ታውቅ ነበር። ሰው ስለ ነበረ ግን ያደረገችው ከዚያ የባሰ ነው። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ በግቢው መሐል አልፋ፣ በቅሎ ሊቀመጡ እግራቸውን እርካብ ላይ ወዳሳረፉት አባቷ ሄደች።

«አባባ፣ ለውበቱ ይዳሩኝ።»

እትዬ ወለተ ሰንበት ምድር ላይ ተቀመጡ። ባላምባራስ አንድ እግራቸው እርካብ ላይ እንዳለ ቀሩ። ልጃቸውን አዩ፤ አጥሩ ጥግ የቆመውን ሰው አዩ፤ ጠርጥርን አዩ። ከዚያ ኮርቻው ላይ ወጥተው ልጓሙን ሰበሰቡ።

«አልሰማሁም» አሉ። «ነፋሱ ይዞብኛል። ስመለስ ድገሚልኝ።»

በቅሎዋን ወጋ አደረጉ። ውሻው ከፊት ቀደመ።

ባላምባራስ እንዳላማው በክረምት ነጎድጓድ ውስጥ የጠመንጃ ቃታ ሲሳብ የሚሰሙ ሰው ናቸው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አልነበረም። የብርጓል ይህን ሁሉ ታውቃለች። አባቷ እንቢ ማለት የማያውቁ ሰው አይደሉም፤ ጣሊያንን እንቢ ብለዋል። እሷን ግን አላሉም።

የበቅሎዋ ኮቴ ከዳገቱ ላይ እስኪጠፋ ቆመች። ከዚያ፣ እትዬ እየሰሙ፣ መሪጌታ እየሰሙ፣ ውበቱ እየሰማ፣ ሲመለሱ ቃሉ እንዳይጠፋት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትለማመደው ጀመር።

«አባባ፣ ለውበቱ ይዳሩኝ። አባባ፣ ለውበቱ ይዳሩኝ!»